ማጭድ የማራቸው

አባዬ ዋንዛውን ያስቆረጠው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታሞ ባሕር ዳር ተኝቶ ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው የቡና ቦታ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ገንዘብ የሚሆን ነገር ቢኖር ያ ዋንዛ ብቻ ነበር። ሰዎቹ በሦስት ቀን ገንድሰው፣ ጣውላ አድርገው ወሰዱት። ወንድሜ ድኗል። ስለዚህ መቆረጡን አንስቼ አባቴን የምወቅስበት አፍ የለኝም። መጻፍ የፈለግኩት ዋንዛው ከሄደ በኋላ ከሥሩ ስለሆነው ነገር ነው፤ እኔን የደን ተማሪ ያደረገኝም እሱ ነው።

የተወለድኩት ዘጌ ነው። ዘጌ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ዳር ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው፤ አንገቱ ላይ አፋፍ የምትባል ከተማ አለች፣ ከእሷ ወዲያ ደን ነው። በደኑ ውስጥ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ አሉ። በወጋችን በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይሰማራም። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ የአገሩ ሰውም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ተገባለት። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ አብረው የበቀሉ ይመስለኝ ነበር። ሦስቱን የሚያሳድግ ሰው ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቃል። ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው። ጌሾው ጥላው ሳሳ ካለበት፣ ከመንገድና ከአጥር ጠርዝ ነው። ሎሚው ከቤቱ ደጃፍ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ቦታ ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ፣ ሠላሳ እርምጃ እንኳ ሳይራራቁ፣ የሦስት አገር ሰዎች ሆነው ይኖራሉ።

ዋንዛው ቆሞ ሳለ ከሥሩ የነበረውን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መቁጠር እችላለሁ። ከግንዱ አጠገብ ምንም የለም። ሰፋፊው ቅጠል እየረገፈ፣ እየተደራረበ ስለሚበሰብስ እግር ሲረግጠው እንደ ፍራሽ ይሰጥማል፤ ትንሽ ዘር እዚያ ላይ ቢያርፍ ሥሩ አፈር ሳይደርስ ይደርቃል። ከዚያ ቡናው ይጀምራል፤ ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ ቅጠሉ የጠቆረ አረንጓዴ። በቡናው መሐል አልፎ አልፎ ስሚዛ፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ እየተሳበ የሚሄድ የጥላ ሣር ነበር። ጠዋት ጠዋት ዋንዛውን የምንጎበኘው ግን ለፍሬው ነበር፤ ቢጫ፣ ጣፋጭ፣ ጣት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ። ከፍሬው ጋር አብሮ የሚወድቀውን ጥላ ያኔ ልብ ያለው የለም።

በተቆረጠ ማግስት ያየሁትን ብርሃን አልረሳውም። መሬቱ ላይ ትልቅ ነጭ አንሶላ የተዘረጋ ይመስል ነበር። ቡናዎቹ እንደ ተገለጠ ሰው ሐፍረት የያዛቸው መሰሉ።

መጀመሪያ የሄደው የጥላ ሣሩ ነው። በጋው ሳያልቅ ገረጣ፣ ከዚያ ደረቀ። ክረምቱ ሲገባ በእሱ ቦታ ተለንጅ በቀለ፤ በዚያ ያለፈ ሁሉ ቀሚሱ ላይ ፍሬውን ተሸክሞ ይወጣል። መጭ ተከተለው፤ ሰርዶም ከመንገዱ ዳር እየተንፏቀቀ ገባ። ቡናው ግን በቀጣዩ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። እማዬ ጀንፈሉን ከስጡ ላይ እያገላበጠች፣ «ለካ ይኼ ዋንዛ ሲበላብን ኖሯል!» አለች። ሁላችንም አመንናት።

ያ ፍሬ ብድር ነበር። ቡና ጥላ ሲያጣ አቅሙን ሳይለካ ያፈራል፤ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለፍሬው ይሰጥና ለሥሩና ለአዲስ ቅርንጫፍ የሚተርፍ ያጣል። እኛ አገር ዝናቡ ባሕር ዳር ላይ በዓመት ወደ 1400 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ጥሩ ነው ይባላል። ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም በጋ ቡናው የሚሻገረው በጥላና በሐይቁ እርጥበት ነው። የእኛው በ2008 ዓ.ም. በጋ ላይ አልተሻገረም። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ሄደ፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ወደ ግንዱ መጣ። አባዬ አንዷን ቅርንጫፍ በሁለት ጣቱ ሰብሮ አየና ምንም ሳይናገር ኪሱ ውስጥ ከተታት። ለምን እንደከተታት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

በዚያው ዓመት ክረምት ክፍት ቦታው በብሳና ችግኝ ተሞላ። ማንም አልተከለውም። «ወፍ ዘራሽ ነው» አለ አባዬ። እኛ ዘንድ ሰው ሳይዘራው የበቀለ ሁሉ ወፍ ዘራሽ ነው፤ ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ይናገራል። ዘሩን ወፍ ታምጣው፣ ንፋስ ይጣለው፣ ወይም ከአፈሩ ውስጥ ሲጠብቅ ይቆይ፤ ለመብቀልና ለማደግ ግን ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የብርሃን። የዛፍ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ይበላና ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን በቅጡ የማያየውን፣ ወደ ታች ያሳልፋል። ብዙ ብርሃን ወዳድ ዕፅዋት ዘራቸው ይህን ልዩነት ይለያል። ከላይ ቅጠል እንዳለ ያውቃል፤ እያወቀ ይተኛል። ዛፉ ሲወድቅ ቀዩ ብርሃን መሬት ይነካል፤ የተኛው ይነቃል። መጀመሪያ ይህን ከመምህራችን አፍ ስሰማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የታየኝ የዋንዛው ጉቶ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የሄድኩት ወደ ቤቴ ነው። ሌሎቹ ልጆች ሩቅ ሩቅ ደን መረጡ። እኔ ሃያ በሃያ ሜትር ገመድ ዘርግቼ ትልልቁን ዛፍ ቆጠርኩ፤ በውስጡ ደግሞ በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር አራት ዱላ ተክዬ፣ ተንበርክኬ፣ ከመሬት የወጣውን ትንሹን ሁሉ ቆጠርኩ። ጥላውን የምለካበት መሣሪያ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ጎበጥ ያለች መስታወት ነበረች። መስታወቷ ላይ 24 ትንንሽ ካሬዎች ተሠርተዋል። እያንዳንዱን ካሬ በልብሽ ለአራት ትከፍይዋለሽ፤ ድምሩ 96 ነጥብ ይሆናል። ከደረት በታች አስተካክለሽ ይዘሽ፣ ዛፉን በመስታወቷ ውስጥ ታይዋለሽ፤ ሰማይ ያረፈበትን ነጥብ ትቆጥሪያለሽ። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ እየዞርሽ እንደገና። አንድ ነጥብ አንድ መቶኛ ያህል ነው።

እጄ እስኪዝል ቆጠርኩ። ከቤታችን በላይ ካሉት ብርብራዎች ሥር ሰማይ የነካው ዘጠኝ ነጥብ ነበር። ዋንዛው በነበረበት ቦታ፣ ያኔ ብሳናው ገና ከእኔ ትከሻ ሳያልፍ፣ ስድሳ አንድ። አባዬ መስታወቷን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አያት። «እኔ ይህን በአንገቴ ነው የማውቀው» አለ። ማጭድ ይዞ ሲያጎነብስ ፀሐይዋ ማጅራቱን ካቃጠለችው ቡናው እንደሚቸገር ያውቃል፤ ካላሞቀችው ደግሞ ፍሬ እንደሌለ ያውቃል። የእኔ 96 ነጥብ የእሱን ማጅራት ያህል ለማወቅ ብዙ ቀን ወስዶባታል።

መስታወቷ የማትነግርሽም ነገር አለ። ሰሳ የሚባለው ዛፍ ሥርና እሸ የሚባለው ዛፍ ሥር ቆሜ ተቀራራቢ ቁጥር አግኝቼ አውቃለሁ፤ ከሥራቸው ያለው ግን የተለያየ ነው። እሸ ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይራቆትም። ጥላው እንደ ጎጆ ውስጥ ጨለማ ረጋ ያለ ነው። የሰሳ ቅጠል እንደ ሩዝ ፍሬ የተሰካካ ነው፤ ንፋስ ሲነካው ብርሃኑ እየተቆራረጠ መሬት ላይ ይወርዳል። አንዱ የፀሐይ ጠብታ አንዲት ቅጠል ላይ ለጥቂት ሰከንድ አርፎ ያልፋል። ከሩቅ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ግን ጥላ ውስጥ የሚኖር ተክል የቀን ምግቡን ትልቅ ድርሻ የሚሠራው በእነዚህ ጠብታዎች ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ከአንዲት የቡና ችግኝ አጠገብ ተቀምጬ ጠብታዎቹን ጠበቅኩ። ችግኟ ጥንድ ቅጠሏን ከዘረጋች ብዙም አልቆየችም፤ የዘሩ ቆብ ገና አጠገቧ ወድቋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ሰባት ጊዜ ብርሃን አገኘች። አንደኛው ላይ ቅጠሏ ወርቅ መሰለ። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ዝም ብላ በጨለማው ውስጥ ጠበቀች።

ጥላ ብቻውን ሁሉን አይወስንም፤ ይህን የማነሣው ጥላ ካለ ሁሉ ይበቅላል የሚሉ ሰዎች ስለማጋጥም ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግቡ። ጥላው የሳሳ ነው፣ ብርሃን ሞልቷል፤ መሬቱ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ውኃውን ሥሩ ይቀድማል፣ የሚረግፈው ቅጠልም ለማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። በእኛ ደን ውስጥም ውኃው የራሱ ድንበር አለው። ከሐይቁ ዳር ዶቅማና ሾላ ናቸው። ሽቅብ ስትወጡ ድንጋዩ ይበዛል፣ አፈሩ ይሳሳል፤ ከሥር ያለውም አብሮ ይለወጣል። ወደ ደቡብ ያየው ጎን ከሰሜኑ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ምክንያቱም በጋ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወራት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ክረምት ላይ ወደ ሰሜን አለፍ ብትልም ደመናው አለ። በአንድ ዓይነት የዛፍ ሽፋን ሥር፣ በአንዱ ጎን ያለው የጥላ ሣር ጥር ላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሌላው ጎን ያለው ሲደርቅ አይቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሜዳው ሁሉ እርሻ ሆኖ፣ ደን የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ አንዱን ደን ከሌላው በዋናነት የሚለየው የከፍታው ልዩነት ሆኖ አግኝተውታል። ከዚያ ሥራ ውስጥ እኔን የያዘኝ ስለ ችግኞቹ ያለው ነው። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፣ ከሥሩ ግን መሬቱ ተረግጧል፣ ችግኙ ተግጧል። የተወሰነ ቦታ ታጥሮ ከብት ሲከለከል የዛፉ ልጆች መብቀልና መቆየት ቻሉ። ለዚህም ነው በአንዳንዱ ደብር ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተሠራው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ኮራሁ። ዘጌ ከብት የለም። አቡነ በትረ ማርያም ካቡን በቃል ሠርተውልናል።

ከዚያ የራሴን ወረቀት ገለጥኩ። በአንዱ ሃያ በሃያ ሜትር ቦታ ላይ ትልልቅ ብርብራ አምስት፣ ሰሳ ሁለት፣ እሸ አንድ ጽፌያለሁ። የቡና ችግኙን ገጹ አልበቃው ብሎ ጀርባው ላይ ቀጥዬዋለሁ። ከጉልበቴ በላይ እስከ ቁመቴ የሚደርስ የዛፍ ልጅ በሚለው መስመር ላይ ያለው ግን ጭረት ነው። በቀጣዩም ቦታ ጭረት። በቀጣዩም። ከመሬት የተነሡ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጡ የብርብራ ሕፃናት በሽ ናቸው፤ ጥላው አልገደላቸውም፣ ውኃው አልከዳቸውም። ከዚያ በላይ የሉም።

ከብት የሌለበት ደን ውስጥ የሚግጠው ማጭድ ነው። በየዓመቱ፣ ቡና ከመለቀሙ በፊት፣ ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ይመነጠራል። መልቀሚያው እንዲጸዳ፣ ቡናው እንዲተነፍስ። የቡና ችግኝ ይታለፋል፤ ሌላው አረም ነው። ስሚዛው፣ ሐረጉ፣ የብርብራው ልጅ፣ የእሸው ልጅ፣ አንድ ላይ ይታጨዳል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አጭጃለሁ። ስንት እሸ እንዳጨድኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከኡራ እስከ ይጋንዳ ብትሄዱ ደኑ ለምለም ነው። እንግዳ በጀልባ ወርዶ ወደ ገዳሙ ሲወጣ ቀና ብሎ «ምን ዓይነት ደን ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብም እንዲህ ያለው ደን ስላለበት ነው። ደን ግን ቀና ተብሎ ብቻ አይታይም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ልጅ ያልተወለደበት የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ለቡናችን ጥላ የሚሆነው ዛፍ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንድ ሰው ማጭዱን ሊሰነዝር ሲል እጁን የሰበሰበለት ችግኝ ነው። የማናውቀው ሰው። በማገዶ ምክንያት የሚቀነሰውን ደግሞ ጨምሩበት፤ ልጅ ሆነን በደንገል ታንኳ ፍልጥ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉትን ሰዎች ከዳር ቆመን እንሸኛቸው ነበር። እንጨቱ ከላይ እየሄደ፣ ተተኪው ከታች እየታጨደ፣ መሐሉ ላይ ቡናው ብቻውን ይቀራል። ዋንዛው የነበረበት ቦታ ምን እንደሚመስል ስላየሁ ያ ቀን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ይህን ለአባዬ ነገርኩት። ተቆጣ። «ካልተመነጠረ ቡናው በምን ይለቀማል? በመጽሐፍ?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እኔም ምንጣሮው ይቅር አላልኩም። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ችግኝ ብቻ ይማርልኝ ነው ያልኩት። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም ማለት ይቻላል። አንድ ማለዳ ግን ብሳናዎቹ ዘንድ ቆሞ አገኘሁት። ከእነሱ መካከል ሦስቱን በ2009 ዓ.ም. ራሱ ሳያጭድ ትቷቸው ነበር፤ ያኔ ከቤቱ ጣራ በላይ ወጥተዋል። ከሥራቸው አዲስ ቡና ተክሎ ይዞለታል፤ የጥላ ሣሩም በአንድ በኩል መመለስ ጀምሯል። «እነዚህንም እኮ ምሬያቸዋለሁ» አለ። «ስንት ትፈልጊያለሽ?»

ቀይ ጨርቅ ቀድጄ አርባ ችግኝ ላይ አሰርኩ። ለምንጣሮ የሚመጡት የሰፈር ልጆች ቀይ ያየ እንዳይነካ ተባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኙ በስሕተት ታጨዱ፤ ጨርቁ በሣር ተሸፍኖ አላዩትም። ሌሎቹን በጋው፣ ጦጣው፣ ያልታወቀ ነገር ቀነሳቸው። አሁን የቀሩኝ አሥራ ሰባት ናቸው፤ ብርብራ አሥራ አንድ፣ ሰሳ አራት፣ እሸ ሁለት። አንደኛዋ እሸ በጣም ቀርፋፋ ናት፤ በሁለት ዓመት ሦስት ቅጠል። በጥላ ውስጥ መጠበቅ እንደምትችል ስለማውቅ አልቸኩልባትም።

ባለፈው ነሐሴ ለምንጣሮ አብሬያቸው ወረድኩ። ጨርቄን አስሬ ጨርሼ፣ ቀና ስል አባዬ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ብርሃኑ በጎን ከሚገባበት ቦታ፣ ማጭዱን አቁሞ ቆሟል። «ይቺን አላሰርሻትም» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቅጠሏ ሰፋ ያለ፣ ገና የእጄን ክንድ የማታክል የዋንዛ ችግኝ ናት። ጨርቅ አልቆብኛል አልኩት። ከጋቢው ጫፍ ክር መዘዘ፤ በጣቱ አጣመመውና፣ ጎንበስ ብሎ፣ አሰረላት።